በሸማኔው ጉድጓድ የተቀበረው ፊልም

በርሊን ለምትኖረው ወንድሜ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ያ ሳል ለቀቀህ? እኔ አምላክ ይመስገን፣ ከጥርሴ በስተቀር የጎደለኝ የለም። ባለቤቴ ሳቢትም ከጉልበቷ በቀር ደህና ናት።

መጀመሪያ ይህን ጽሕፈት እየው። ማን ጻፈለት አትበል፤ የገዛ እጄ ነው! በስድሳ ዘጠኝ ዓመቴ ዊንጌት አካባቢ የማታ ትምህርት ገብቼ፣ ፊደል ቆጥሬ፣ ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ። ሁለተኛ የወጣችው ማሚቴ የምትባል ጉሊት ቸርቻሪ «አባባ ከኔ ገልብጠው ነው» እያለች ታስወራለች፤ ቅናት ነው። ታክሲ ውስጥ ያየሁትን ማስታወቂያ ሁሉ ጮክ ብዬ ሳነብ ረዳቱ «ፋዘር፣ ሬዲዮ እኮ አለን» አለኝ።

ስላንተ ዘጋቢ ፊልም የምትሠራው ቤዛዊት ሽሮ ሜዳ ድረስ ሦስት ጊዜ መጣች። ከሽመና ጉድጓዴ አስገብታ ቀረጸችኝ። «እሱ አርባ ደቂቃ ሙሉ የቀረጸው እነዚህን ነው! ታሪክ የለው፣ ተዋናይ የለው፣ እግር ብቻ። አውሮፓ ተሰልፎ ያየው እግር ይኸውልሽ» ብዬ ጫማዬን አወለቅሁላት። ካሜራ የያዘው ሰውዬ በሳቅ ሊወድቅ ነበር።

ባለፈው እሑድ የደረሰችበትን አሳየችን። እኔ፣ ሳቢት፣ ድምፅ ይቀዳልህ የነበረው ገለታም ነበርን። ሸብተህ አየንህ። «ከአገር ስወጣ ሁለት ቆርቆሮ ፊልም በሸማኔው ጉድጓድ ቀብሬ ነበር። ቦታውን የምናውቀው ሦስት ሰዎች ነን። ሸማኔው አንዱን አድኖ፣ ቆይቶ በሰው ላከልኝ። ሌላውን ለቀበሌ አሳልፎ የሰጠው ገለታ ነው» አልክ።

ገለታ እስከ መጨረሻው ቁጭ ብሎ አየ። ከዚያ ባርኔጣውን አንሥቶ «ጥሩ ፊልም ነው» አለና ወጣ። ልሸኘው ተከትዬው ቀልድ ብጤ ጀመርኩ። «አንተ መቼም ወሬ ታውቅበታለህ» አለኝና አስፋልቱን ተሻገረ።

ወሬው እዚህ ሰፈር አዲስ አይደለም። ገለታ ልጁን ሲድር ግማሹ ሰው ሳይመጣ ቀረበት። እኔ ሄጃለሁ። በልቻለሁ፣ ጨፍሬያለሁም።

ወንድሜ፣ ገለታ አይደለም። እኔ ነኝ።

በሄድክ በሦስተኛው ቀን ከቀበሌ ጠመንጃ የያዙ አራት ሰዎች መጡ። አልጋ ገለበጡ፣ የጥጥ ከረጢት ቀደዱ። ጉድጓዱን ማን ልብ ይላል? እግሬን ሰድጄ እየሠራሁ ነው። «ምንም የለም፣ እንሂድ» ተባብለው በሩን አልፈዋል እኮ! ያኔ ነው ጠርቼ የመለስኳቸው። ቆርቆሮውን ከእግሬ ሥር አውጥቼ «ይሄ የሱ ነው» አልኳቸው።

ትናንት ለቤዛዊት ነገርኳት። ደግ ልጅ ናት፣ አለቀሰች። «አባባ፣ ፈርተው ነው። ደግሞ ያኔ ማንበብ አይችሉም፤ የቱ የትኛው እንደሆነ በምን ያውቃሉ?» አለችኝ። የተናገርከውን ግን እሷ መለወጥ እንደማትችል፣ አንተው ካልመለስከው የገለታ ስም እንዳለ እንደሚወጣ ነገረችኝ።

ማንበብ አይችልም ነበር የሚለውን ቤት እስክደርስ ወድጄው ነበር። ግን እኔና አንተ እናውቃለን። ፊደል ስለማላውቅ አይደል ከዕቃዬ ቀይ ክር ለምነህ ባንደኛው ላይ ያሰርክልኝ? «ቢጨንቅህ እግሮቹን ስጣቸው፤ ቀዩን ግን ከነፍስህ ጋር ጠብቅልኝ» ብለኸኛል። ክሩን ፈትቼ ነው የሰጠኋቸው።

ቤዛዊት ሳቢትን «የጠፋው ፊልም ላይ ምን ነበረ?» ብላ ጠይቃት ነበር። «ለባሌ ጥጥ ስፈትል ነው የቀረጸኝ። እየፈተልኩ እስቅ ነበር» አለቻት። እውነቷን ነው። አንተ ስትቀርጻት እኔ ከጉድጓዴ ሆኜ አይ ነበር። ከተጋባን አርባ ስድስት ዓመታችን ነው፤ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ሌላ ምክንያት አትጠይቀኝ።

ቤዛዊት ቅዳሜ ወደናንተ ትበራለች፤ ይህን በእጇ ትሰጥሃለች። እንደገና ስትቀርጽህ ገለታ ንጹሕ ነው በል። የኔን ስም በትልልቁ ጽፌ በሌላ ወረቀት አድርጌልሃለሁ፤ ለካሜራው አሳየው። ማንበብ አይችልም ነበር እንበል ብትልህ እሺ እንዳትላት። እግሮቼንም ከፊልሙ ካወጣሃቸው አውጣቸው። ለገለታ እኔው ሄጄ እነግረዋለሁ። እስካሁን ሁለቴ ደጁ ደርሼ «ሬዲዮና ቴፕ ይጠገናል» የሚለውን ታፔላ አንብቤ ተመልሻለሁ።

ሳቢት አሁን ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ስጽፍ ታየኛለች። እሷ ማንበብ አትችልም። ና አብረን እንማር ብላት «ምን ላነብ?» ብላኝ ቀርታለች። «ሰላም በልልኝ፤ ምነው ደብዳቤው ረዘመ?» ትላለች። ሰላም ብላሃለች።

አምላክ ሳልህን ያንሣልህ፣ ዓይንህን ያቆይልህ፣ እጅህ ከካሜራ አይለይ። 

ወንድምህ።

ይህችን የመጨረሻዋን ቃል ካልወደድካት ሰርዛት። አይከፋኝም ልል ነበር፤ ይከፋኛል። ግን ሰርዛት።