አንተ ያልሽኝ ቀን

ውድ ሱነይና፣ የታናሽ ወንድሜ ሚስት፣

ይህን የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። በማታው ትምህርት ከእኔ የፈጠነ የለም፤ መምህሩ ራሱ ደንግጧል። ባለቤቴ ቡድኒ ግን "ፊደልህ የሰከረ ዶሮ ይመስላል" ትላለች። ቅናት ነው።

እስከ ዛሬ በቀጥታ አውርተን አናውቅም። የባልሽ ታላቅ ወንድም ስለሆንኩ ወጉ አንቺ እንዳትነኪኝ፣ እኔም እንዳላናግርሽ ነው። ውሃ ሲጠማኝ ለግድግዳው እናገራለሁ፤ አንቺ ተከናንበሽ "ለእሳቸው ስጪልኝ" ትያታለሽ ቡድኒን። ደብዳቤ ግን ንግግር አይደለም። ይህን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ትናንት ለነርስነት ትምህርት ከሄድሽበት ከጃናክፑር ከተማ ደውለሽ ለቡድኒ ያልሻትን ሰማሁ። "ከተዳርኩ ወዲህ መርፌ ይዤ አላውቅም። የነርስነቱን ልምምድ እንደገና ስጀምር፣ የተኙት ሽማግሌዎች ሁሉ እሳቸውን መሰሉኝ። ልነካቸው ስል እጄ ይንቀጠቀጣል። የሰኞውን ፈተና ትቼ ልምጣ" አልሽ።

እኔን ከመሰሉማ ታድለዋል!

ግን የማንጎውን ቀን አስቢው። ለጎረቤት "ጫፉ ላይ የምደርሰው እኔ ብቻ ነኝ" ብዬ ዛፉ ላይ ወጣሁ። ደረስኩም፤ አወራረዴ ነው ያላማረው። በያዝኩት ማጭድ ክንዴ ተተርትሮ ደሙ ሲወርድ ቡድኒ ትጮኻለች። አንቺ ከማጀት ሮጠሽ መጣሽ። መከናነቢያሽን ከራስሽ ገፈሽ ቁስሉን ጥርቅም አድርገሽ ያዝሽ፣ ክንዴን ወደ ላይ አነሳሽው።

"ሱነይና፣ እሳቸውን እኮ ነው የነካሽው!" አለች ቡድኒ።

"ዝም በይና ጨርቅ አምጪ!" ከዚያ ወደ እኔ ዞርሽ። "አንተ! አትንቀሳቀስ! ጣቶችህን ግን አንቀሳቅስልኝ!"

አንተ! ከቡድኒ በቀር እናቴ ከሞተች ወዲህ ማንም አንተ ብሎኝ አያውቅም። እኔ እንደ ሕፃን አለቅስ ነበር (ለማንም እንዳትናገሪ)፤ እጅሽ ግን ቅንጣት አልተንቀጠቀጠም።

የጤና ጣቢያው ሰው ሲሰፋኝ "ደሙን ማን አቆመው?" ብሎ ጠየቀ። ውጭ ወረፋ የያዙት ሁሉ እንዲሰሙ ጮክ ብዬ "የእኛ ቤት ነርስ!" አልኩት። አንቺ ግን ኃጢአት የሠራሽ ይመስል እስክትሄጂ ድረስ ሸሸሽኝ። ተይ፣ ልጄ። ዳንኩ እኮ።

የስፌቱ ክር ሊወጣ ደርሷል። ጤና ጣቢያው ና ቢለኝ እምቢ ብያለሁ፤ የምታወጪው አንቺ ነሽ፣ ፈተናሽን አልፈሽ። ሰኞ እጅሽ ከተንቀጠቀጠ፣ የተኛውን ሽማግሌ እኔ ነኝ ብለሽ ቁጠሪውና "አንተ! አትንቀሳቀስ!" በዪው።

ክንዱን ዘርግቶ የሚጠብቅሽ፣
ፉሌሽዋር