ፔንሪድ ላይ ባቡር ያስቆሙት የወይዘሮ ሞርቪዝ ፕሮሰር የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ሞርቪዝ ፕሮሰር ከአባታቸው ከአቶ አይቮር ፕሮሰርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኦልዌን ሂውስ እ.ኤ.አ. መጋቢት 4 ቀን 1936 ዓ.ም. በዌልስ፣ በፔንሪድ ከተማ፣ ከሐዲዱ ማዶ ባለው የጣቢያ ሠራተኞች ቤት ተወለዱ። ፔንሪድ ድሮ በግ እንኳ የሚሸሸው ረግረግ ነበር። ሁለት ሐዲድ ተገናኘበትና ጣቢያ ተሠራ፤ ከዚያ ማረፊያው፣ ዳቦ ቤቱ፣ የከብት ገበያው፣ ጸሎት ቤቱ እያለ ከተማ ሆነ። «ጣቢያው ለከተማው ምን ይጠቅማል?» የሚል ሰው ሲመጣ ወይዘሮ ሞርቪዝ ሻይ አይቀዱለትም ነበር።

ትምህርታቸውን በከተማው ትምህርት ቤት ተከታትለዋል። መምህራቸው በሒሳብ ጎበዝ፣ በዝምታ ሰነፍ ነች ይሉ ነበር። በዐሥራ ስድስት ዓመታቸው የጣቢያውን ሻይ ቤት ከእናታቸው ተረከቡ። የከተማው እኩሌታ ፕሮሰር ስለሆነ፣ ሰው ሁሉ «ሞርቪዝ ጣቢያ» ይላቸው ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1958 ዓ.ም. የከብት ገበያውን አጫራች አቶ ኤምሪስ ቤብን አግብተው ሁለት ልጆች አፍርተዋል። አቶ ኤምሪስ በጩኸት እንጀራ የሚበሉ ሰው ቢሆኑም፣ ቤታቸው ሲገቡ ተራ አይደርሳቸውም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1965 ዓ.ም. አንደኛው ሐዲድ ተነቀለ። በሌላኛው የሚመጣው ባቡርም የሚቆመው መንገደኛ እጁን ሲዘረጋለት ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። ቀጥሎ አንድ የምድር ባቡር ሹም በፋሲካ ማግስት ሰኞ በባቡሩ መጥቶ እንደሚያይ፣ ተሳፋሪ ካላገኘ ጣቢያው እንደሚዘጋ ተነገረ። የዚያን ዕለት ደግሞ በቤቴል ጸሎት ቤት የዓመቱ ታላቅ የመዝሙር በዓል ነበር። ከተማው መክሮ፣ ድምፁ የማያምር ሰው ሁሉ ጣቢያ ይሂድ አለ። ወይ ጉድ! ፔንሪድ ውስጥ ድምፄ አያምርም የሚል አንድ ሰው አልተገኘም።

ወይዘሮ ሞርቪዝ ከሻይ ቤታቸው ቢያዩ ጣቢያው ጭር ብሏል። ሽርጣቸውን ሳይፈቱ ሮጠው ቤቴል ገቡ። መዝሙሩን የሚመሩት አባታቸው ነበሩ።

«አባባ፣ ባቡሩ እየመጣ ነው!»

«ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ነን! ቁጭ በይ፣ አንቺ ልጅ!»

«እግዜር ነገም ይሰማችኋል። ባቡሩ ዛሬ ካለፈን ግን አለፈን ነው። ውጡ!» ብለው የኦርጋኑን ክዳን ጠረቀሙት። የተጫዋቹ ጣት የተረፈው በተአምር ነው።

የተጀመረ መዝሙር አይቋረጥምና ሕዝቡ እየዘመረ ወጣ፤ እየዘመረ እጁን ዘረጋ። ባቡሩ ቆመ። ሹሙ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ «እጅ መዘርጋት ብቻ ተሳፋሪ አያሰኝም» አለ። «እንግዲያው ጠጋ በልልን!» አሉት ወይዘሮ ሞርቪዝ። ሹሙ በወፍራም ድምፅ ዘማሪዎች መካከል ተጣብቆ እስከሚቀጥለው ከተማ ሄደ። በዓል ስለነበር መመለሻ ባቡር አልተገኘም፤ ሁሉም በክት ጫማው በዝናብ በእግሩ ተመለሰ። ጣቢያው ግን አልተዘጋም።

ምስጋናውስ? የጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎች ወይዘሮ ሞርቪዝን፣ መዝሙር በማቋረጣቸው ይቅርታ እስኪጠይቁ ድረስ ከጌታ ማዕድ ከለከሏቸው። «ስላዳንኳችሁ ይቅርታ አልጠይቅም» አሉ፤ አልጠየቁምም። ጎድቷቸዋል፤ እኛ ቤተሰቦቻቸው እናውቃለን። እሑድ እሑድ መጥተው በሩ አጠገብ ይቀመጡ ነበር። የማዕዱ ኅብስትና ጽዋ ሲዞር አቶ አይቮር ከመሪነት ቦታቸው ወርደው፣ ሳይቆርሱ፣ ከልጃቸው ጎን ይቀመጣሉ። እስኪሞቱ ድረስ እንዲህ አደረጉ።

ወይዘሮ ሞርቪዝ ባለፈው መኸር በልብ ሕመም ሆስፒታል ገቡ። ጣቢያውን ለመዝጋት እንደገና መታሰቡን የሰሙት እዚያ ተኝተው ነው። «ሊያጠና የመጣው ሰውዬ በምን መጣ?» ብለው ጠየቁ። በመኪና ሲባሉ፣ «ታዲያ ይኼ ምኑን ያውቀዋል!» አሉ። ሲታከሙ ቆይተው እ.ኤ.አ. የካቲት 9 ቀን 2019 ዓ.ም. በተወለዱ በሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸው ቀድመዋቸዋል። ልጆቻቸው ወይዘሮ ሜሬሪድና አቶ ኢድዋል፣ እንዲሁም አምስት የልጅ ልጆቻቸው በሕይወት አሉ።

ቤተሰቡ አንድ ነገር ያሳስባል። በመቃብራቸው ላይ የምንዘምረውን መዝሙር ሦስተኛው አንቀጽ ላይ እናቋርጠዋለን። የቀረውን ጣቢያው ላይ፣ የዐሥር ሰዓቱ ባቡር ሲመጣ፣ ሁላችንም እጃችንን ዘርግተን እንጨርሰዋለን፤ ከዚያም እንሳፈራለን። ሽማግሌዎቹን አላስፈቀድንም።

እግዚአብሔር የወይዘሮ ሞርቪዝን ነፍስ፣ ይቅርታ ጠይቂ ሳይል፣ ከማዕዱ ያቅርብልን።