የቀነስኋቸው ሁለት ዓመታት እንዲመለሱልኝ

ለበረራ ሠራተኞች አስተዳደር ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ 12/7

ጉዳዩ፦ እውነተኛው የልደት ዘመኔ ተመዝግቦ የሲኒየሪቲ ቁጥሬም የጡረታ ጊዜዬም በዚያው እንዲታረም ስለ መጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

በግል ማኅደሬ ውስጥ ሃምሳ ስምንት ዓመት የሞላው ካፒቴን ተመዝግቦ ይገኛል። ያ ሰው የለም። እኔ ስድሳ ሞልቶኛል። ሁለቱን ዓመት የቀነስኋቸው ራሴ ነኝ፤ የመከረኝም ያስገደደኝም የለም። ይህንንም ከሟች ባለቤቴና ከታናሽ ወንድሜ በቀር ለማንም ሳልናገር ሠላሳ ስድስት ዓመት በርሬበታለሁ።

ብዙ የተማርሁ ሰው ስላልሆንሁ አቤቱታዬ እንዳይንዛዛ በቁጥር ከፋፍዬዋለሁ። ነገሩ ከቁጥሩ አልፎ ቢፈስስ በትዕግሥት እንዲያዩልኝ አስቀድሜ እለምናለሁ።

1. ውሸቱ ስለ ተሠራበት ሁኔታ

የበረራ ትምህርት ቤቱ ዕድሜው ከሃያ ሁለት ያለፈ አይቀበልም ነበር። እኔ በሃያ አራት ዓመቴ አውሮፕላን አጣቢ ነበርሁ። መዝጋቢው የተወለድሁበትን ዘመን ሲጠይቀኝ የሚያስፈልገውን ዘመን ነገርሁት፤ እሱም ቀና ብሎ ሳያየኝ ጻፈው። ያን ጊዜ ሰው በቃሉ ይታመን ነበር፤ እኔን የመሰለውም ጭምር።

አንድ ነገር ግን አላሰብሁበትም። ወንድሜ የተወለደው ከእኔ በኋላ በሁለት ዓመት ከአራት ወሩ ነው። እንግዲህ በወረቀት ሲታይ እናታችን እኔን በወለደች በአራተኛ ወሯ እሱን ወልዳለች ማለት ነው። አንድ ጊዜ በውርስ ጉዳይ ሁለታችን አንድ መስኮት ላይ መታወቂያ ስናቀርብ፣ ጸሐፊዋ አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየችና “እናታችሁ አንድ ናት?” ብላ ጠየቀች። ወንድሜ ፈጠን ብሎ “አባታችን አንድ ነው” አላት። ከመስኮቱ ራቅ እንዳልን “እማዬን የሐኪሞች መገረሚያ ማድረግህ አንሶህ አባዬንም አሰደብከው!” ብሎ አኮረፈኝ። እርግጥ ነው፣ የሰደበው እሱ ነው፤ ጥፋቱ ግን የእኔ ስለ ነበረ ምሳ ጋበዝሁት።

በጋብቻ ወረቀታችንም ላይ ባለቤቴ በአንድ ዓመት ትበልጠኛለች። እውነተኛዋ ታናሽ ግን እሷ ነበረች። “ዕድሜ የምትቀንስ ሴት ናት ሲባል ነበር የምሰማው፤ የእኔ ባል እሱ ቀንሶ እኔን አስረጀኝ” ትል ነበር። በሰው ፊት ክርክር ከገጠምን “ዝም በል፣ ታላቅህ ነኝ!” ትለኛለች። እንግዶቹ ይስቃሉ። እኔ ውሃ እቀዳላቸዋለሁ።

2. ወደዚህ መሥሪያ ቤት ስለ መጣሁበት ምክንያት

ክቡር ኃላፊ ያውቁታል፤ ይህን የሚመለከቱ ሌሎች ክፍሎች ላያውቁት ስለሚችሉ ግን ልጻፈው። በእኛ ሙያ ሰው የሚኖረው በቁጥሩ ነው። ቀድሞ የተቀጠረ ቀድሞ ይመርጣል፦ የሚበርበትን መስመር፣ የሚያርፍበትን ቀን፣ የሚያድርበትን ከተማ። ሲኒየሪቲ የምንለው ይህንን ነው። መሥሪያ ቤት የቀየረ አብራሪ ግን ጠጉሩ አየር ላይ ቢሸብትም ከጅራት ይጀምራል። እኔ በቀድሞው መሥሪያ ቤቴ አስራ አንደኛ ነበርሁ። መልቀቂያ ማስገባቴ በተሰማ ቀን የአብራሪዎች ማረፊያ ክፍል ለቅሶ ቤት መሰለ። አንዱ “አስራ አንደኛ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ተነሥቶ በር ላይ የሚቆም ምን ዓይነት ሰው ነው?” አለ። ሌላው “ተወው፣ ከፍታ መትቶት ነው” አለው። ከእኔ በታች አስራ ሁለተኛ የነበረው ብቻ አቅፎ ሳመኝ።

ለእነሱ ያልነገርኋቸው ይህ ነው። ባለቤቴ በታመመችበት ዓመት ቁጥሬ ቤቴ የሚያሳድረኝን መስመር ለመምረጥ ይበቃ ነበር። እኔ ግን ረጅሙን መስመር መረጥሁ። አበሉ ለሕክምናዋ ነው እያልሁ ራሴን አሳመንሁ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ቤት ውስጥ ስትደክም ማየት ፈርቼ ነው። አንድ ቀን ሻንጣዬን ስዘጋ “ቁጥርህ ጥሩ ነው፤ አንተ ግን የለህም” አለችኝ። አልተቆጣችም። የነገውን አየር እንደምትነግረኝ አድርጋ ነው የተናገረችው።

አሁን ያለችኝ አንዲት ልጅ ናት፤ መሥሪያ ቤትዎ በየማታው አንድ አውሮፕላን ከነአብራሪው በሚያሳድርባት በትንሿ ከተማ ነርስ ሆና ትሠራለች። የስድስት ዓመት ልጅ አላት። እኔ በሄድሁ ቁጥር የልጅ ልጄ በሩን ትከፍትና ወደ ውስጥ ዞራ “እማዬ፣ እንግዳው መጣ!” ብላ ትጣራለች። እናቷ “አያትሽ እኮ ነው!” ስትላት “አውቃለሁ፤ እንግዳው አያቴ” ትላለች። የሚሰማት ሰው እንግዳ ያልሆነ ሌላ አያት ያላት ይመስለዋል። የላትም።

ስለዚህ የቅጥር ማስታወቂያዎ ላይ “በየማታው ቤትዎ ያድራሉ” የሚለውን ሳነብ ቤቱ የማን ቤት እንደ ሆነ ወዲያው ታየኝ።

3. ስለ ምደባውና ስለ ቁጥሩ

በትንሿ ከተማ አንድ የካፒቴን ቦታ ተከፍቷል። ነባሮቹ ካፒቴኖች አበሉ ያንሳል ብለው አልፈለጓትም። ከአዲስ ገቢዎቹ ካፒቴኖች ሁለት ነን፤ ሁለታችንም ፈልገናታል። ሁለተኛው ሰው በማኅደሩ ስሙ አለ፤ እኛ የምንጠራው ግን ምላጭ ብለን ነው፤ የሱሪው እጥፋት ሰው ይቆርጣል።

በመግቢያው ሥልጠና ቀን የክፍልዎ ባልደረባ ደንቡን ስታነብልን “በአንድ ቀን የተቀጠሩ በዕድሜ ይደረደራሉ፤ ታላቅ ይቀድማል” አለች። ምላጭ ጮክ ብሎ “ተመስገን፣ እርጅና ዛሬ ሥራ አገኘ!” አለና ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። ቀጥሎ ዝርዝሩ ተነበበ፦ አንደኛ ምላጭ፣ ሁለተኛ እኔ። በእውነቱ እኔ በሰባት ወር እበልጠዋለሁ። ወጣት ለመምሰል የሠራሁት ሥራ ሠላሳ ስድስት ዓመት ጠብቆ ከልጅ ልጄ ደጅ መለሰኝ። ስቄአለሁ፤ የሳቅሁት ግን ከሌሎቹ ትንሽ ዘግይቼ ነው።

እውነቱን ከተናገርሁ ሌላ ዋጋ አለው። ሕጉ አብራሪን በስድሳ አምስት ዓመቱ ከመሪው ያነሳዋል። በወረቀቱ ሰባት ዓመት ቀርቶኛል፤ በእውነቱ አምስት። ሁለት ዓመት ካልበረርሁ ሁለት ዓመት አልበረርሁም፤ የሚተካው የለም። የበረራ ፈቃዴንም በውሸት ዘመን ስለያዝሁ ቅጣት ሊኖር ይችላል፤ ከሥራ መሰናበትም ሊሆን ይችላል። ይህን አውቄ ነው የምጽፈው።

ወደ ክፍልዎ መጥቼ ባልደረባዎን ባማክራት “ካፒቴን፣ ሰው ሁሉ ቀንሱልኝ ብሎ ነው የሚመጣው፤ ጨምሩልኝ ለሚል ቅጽ እንኳ የለንም” አለችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንዲህ ስትል መከረችኝ፦ መጀመሪያ አቤቱታ ላስገባ፤ ቦታዋ የምትሰጠኝ ከሆነ ፈቃዴን ላሳርም፤ የማትሰጠኝ ከሆነ ነገሩን ልተወው። ለእኔ አዝና ያለችው ነውና እባክዎ ቅር አይሰኙባት። ምክሯ በጣም ጥሩ ምክር ነበር፤ ወድጄውም ነበር።

4. ምላጭ ስለ ጠየቀኝ ጥያቄ

ከጀርባ አልመታውም ብዬ ከበረራ መለማመጃው ሲሙሌተር ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ፣ የመጠጥ ውሃው አጠገብ፣ ለምላጭ ነገርሁት። በመጀመሪያ እስኪያስለው ሳቀ። “ስድሳ?! እኔ እኮ ታናሽ ነው ብዬ ነው ስትሳሳት የምሸፍንልህ! ታላቄ መሆንህን ባውቅ ተሳስተህ እንድትማር እተውህ ነበር” አለኝ። ቁጥሩ እንደሚገለበጥ ስነግረው ግን ሳቁን አቆመ።

“ቆይ፣ ሠላሳ ስድስት ዓመት የረሳኸው ልደትህ ቦታዋ ስትከፈት ትዝ አለህ?”

“ረስቼው አላውቅም” አልሁት።

“ይኼማ ይብሳል” አለኝ።

ባለቤቱ እዚያው ከተማ የልብስ ስፌት ሱቅ ከፍታለች። ይመጣል ብላ ቤት ውስጥ መጋረጃ ሰቅላለች። ይህንን ሲነግረኝ ዓይኔን አላየኝም። በኋላ ብርጭቆ ሞልቶ ሰጠኝና “አቤቱታህን አስገባ፤ እኔም መቃወሚያዬን አስገባለሁ። አንድ ነገር ግን ንገረኝ፤ ቦታዋን ቢከለክሉህ፣ መልሰህ ሃምሳ ስምንት ልትሆን ነው?” አለኝ።

ውሃውን ጠጥቼ ሄድሁ።

ክቡር ኃላፊ፣ እኔ በጸሎቴ ላይ ብዙ የምናገር ሰው አይደለሁም። በየልደቴ ቀን ግን ተንበርክኬ፣ ፈጣሪዬን ስለ ሰጠኝ ዓመታት በቁጥራቸው የማመስገን ልማድ አለኝ። ሐሰት ሲቆይ ቤተኛ ይሆናልና፣ አፌ ከጊዜ ብዛት የወረቀቱን ቁጥር ለመደው። ባለፈው ልደቴ “ስለ ሃምሳ ስምንቱ ዓመታት ተመስገን” ብዬ ልነሣ ስል ጉልበቴ እምቢ አለ፤ ጉልበቴ ስድሳ ነው። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሁለት ዓመት ተቀብዬ ሳላመሰግንባቸው ቀርተዋል። የትኞቹ ሁለት እንደ ሆኑ አላውቅም። ባለቤቴ በሕይወት ከነበረችባቸው ዓመታት ይሆኑ እንዴ ብዬ ደነገጥሁ።

ታዲያ የምላጭ ጥያቄ ያስጨነቀኝ ለዚህ ነው። ውሸቱ ሲጠቅመኝ ዋሽቼ፣ እውነቱ ሲጠቅመኝ እውነት ብናገር፣ እኔ የተለወጥሁት ምኑ ላይ ነው? ያው ሃያ አራት ዓመቱ ሆኖ መስኮቱ ላይ የሚያስፈልገውን ዘመን የተናገረው ልጅ ነኝ። ዛሬ የሚያስፈልገኝ ዘመን እውነተኛው ሆኖ ተገኘ እንጂ።

ለልጄ ስልክ ደውዬ ይህንን ሁሉ ስነግራት “አባዬ፣ ቦታዋን ትፈልጋታለህ?” አለችኝ። “በጣም” አልኋት። “እሱን ደግሞ እንዳትደብቅ” አለችኝ።

5. የምጠይቀው

ሀ. እውነተኛው የልደት ዘመኔ በማኅደሬ እንዲመዘገብ፣ ጡረታዬም በዚያው እንዲቆጠር፤

ለ. የአዲስ ገቢዎቹ ቅደም ተከተል በእውነተኛ ዕድሜ ተስተካክሎ፣ የትንሿ ከተማ ምደባ በደንቡ መሠረት እንዲታይልኝ። አልፈልጋትም ብል ሁለተኛ ውሸት ይሆንብኛል። እፈልጋታለሁ። ሳልጠበቅ የምመጣ ሳይሆን፣ ስዘገይ “የት ቀረ?” የምባል ሰው መሆን አምሮኛል፤

ሐ. የምላጭ መቃወሚያ ከእኔ አቤቱታ ጋር አብሮ እንዲነበብ። የመጋረጃው ነገር እሱ አፍሮ ላይጽፈው ስለሚችል እኔ ጽፌዋለሁ። ዋሽቶ የኖረ ሰው በእውነቱ ሊያተርፍ አይገባም የሚል ውሳኔ ቢሰጡ፣ ከባድ ይሆንብኛል እንጂ ግፍ ነው አልልም፤

መ. ስለ ውሸቱ የሚገባኝ ቅጣት ካለ፣ ከምደባው ጋር ሳይደባለቅ ለብቻው እንዲታይ። ሁለቱን እያቻቻልሁ ዋጋ ልደራደርባቸው አልፈልግም።

6. ስለ ፈጸምሁት

ዛሬ ጠዋት ይህንን አቤቱታ ወደ እርስዎ ከማምጣቴ በፊት፣ ከተወለድሁበት ክሊኒክ መዝገብ የተገኘውን ማስረጃ ይዤ ወደ በረራ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ሄድሁ። መስኮቱ ላይ የነበሩት ሰውዬ ማስረጃውን ሁለት ጊዜ አነበቡና መነጽራቸውን አወለቁ። “ካፒቴን፣ ፈቃድዎን ከተቀበልኩዎ እስኪጣራ ድረስ መብረር አይችሉም፤ አዲሱ ይወጣል ብዬም ቃል አልገባም። መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤትዎ ነግረው የሚሉዎትን ሰምተው ቢመጡ አይሻልም?” አሉኝ።

“የሚሉኝን ከሰማሁ በኋላ ላልመጣ እችላለሁ” አልኋቸው፤ ፈቃዴንም ከደረት ኪሴ አውጥቼ አስረከብሁ።

ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
አመልካቹ ካፒቴን፣ ዕድሜ ስድሳ