ያልተነካ ዳቦ

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ዛሬም አስመለሰኝ። የሚወጣ የለም፤ ቢጫ ውኃ ብቻ። ቀና ስል ግድግዳው ዞረብኝና የበሩን መቃን ይዤ ቆየሁ። እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ግንባሬን ይወቅረኛል። ፊቴን ታጥቤ በመስታወት ሳየው የሠላሳ ሁለት ዓመት ሴት ፊት አይደለም።

ትናንት ቅበላ ነበር። አገሩ ሁሉ ጾሙ ሳይገባ ሥጋውን ሲሰናበት እኔ የበላሁት ይኸው፦

ጧት፦ ምንም።
ቀትር፦ ምንም፣ ተኝቼ ነበር።
ዐሥር ሰዓት፦ ሻይ፣ ስኳር አብዝቼ።
ማታ፣ ከአራት ሰዓት በኋላ፦ አከራዬ የላኩልኝ ጥብስ። ቀዝቅዞ። ቆሜ።

ስድስት ዓመት ዐረብ አገር የበላሁት እንዲያ ነው። ማዳም ከነልጆቿ በልታ፣ ዕቃው ታጥቦ፣ ወለሉ ተወልውሎ፣ ከዚያ የተረፈውን ማዕድ ቤት ቆሜ። አንዳንድ ቀን ሌሊት፣ አንዳንድ ቀን ጭራሽ። እኔ አገሬ ገባሁ፤ ሆዴ ግን እስካሁን አልገባም።

ማስተዋል ከሄደች ዛሬ ዐሥራ አንድ ቀን። ልጄ ናት፣ ስምንት ዓመቷ ነው። ሁለት ዓመቷ ላይ ለእናቴ ትቻት ነው የሄድኩት። ክረምት ላይ ተመልሼ እዚህ ደብረ ታቦር ቤት ተከራየሁ፤ በመስከረም ከጉና ተራራ ሥር፣ ከእናቴ ዘንድ፣ አምጥቼ ትምህርት ቤት አስገባኋት። እናቴን «እማ» ትላታለች። እኔን «እቴቴ»፣ ታላቅ እህቷ ይመስል። ሁለት ወር አብረን ኖርን። ከዚያ መታኋት።

እናቴ መጥታ ወሰደቻት። «እሳት በማይነድበት ቤት ልጅ አላሳድርም» አለችኝ። የፊታችን ቅዳሜ ለገበያ ስትመጣ የልጅቱን መሸኛ ከትምህርት ቤት አውጥቼ እንድሰጣት ነግራኛለች። እዚያው ልታስመዘግባት ነው። መሸኛው ከሄደ ልጄም ሄደች ማለት ነው።

ጾሙ መግባቱ አንድ ግልግል ነው። ለምን አትበዪም የሚለኝ የለም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

የግራውን እጅጌ ቀኙ ላይ ሰፋሁት። የተማሪ ዩኒፎርም ነው የምንሰፋው፤ ዓይኔን ጨፍኜ የምሠራው ሥራ ነበር። አጠገቤ ያለው ማሽን ላይ የምትሰፋው ሙሉ ማንም ሳያይ ተረተረችልኝ።

«አንጓች፣ ምን ሆነሻል? ጾሙ ነው?»

«ጾሙ ነው።»

የስፌት ቤቱ ባለቤት ሰሙን። «እናንተ ገና ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ሽሮ ሽሮ ትላላችሁ። እሷን እዩ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምትጾም!» ብለው በሰው ፊት አመሰገኑኝ። አንገቴን ደፋሁ። ትሕትና መሰላቸው። እግዜር ይይልኝ አልልም፤ አይቶታል።

ያን ጧት ልጻፈው። ካልጻፍኩት አይለቀኝም።

ዳቦ ቆርጬ፣ ሻይ ቀድቼ ፊቷ አስቀመጥኩላት። አልነካችውም። ሁለት ወር ሙሉ እንዲሁ ነበረች፤ ጧት የሰጠኋትን ፊቷ አድርጋ ቁጭ። እኔ ጸጉሬን አስራለሁ፣ ደብተሯን እከታለሁ፣ ወዲያ ወዲህ እላለሁ። ስመለስ ዳቦው እንዳለ ነው። «እቴቴ፣ ነይ እንጂ» ትለኛለች። «አልደርስም፣ ብዪ!» እላታለሁ። እጄን ተጠየፈችው፣ የሚጥማት የአያቷ እጅ ነው ብዬ በልቤ ያዝኩባት። ያን ቀን ደግሞ ራሴን ሲፈልጠኝ ነጋ። «ምን አድርጌሽ ነው የኔን እህል የማትበዪው!» ብዬ ጮህኩ። በጥፊ መታኋት። ጉንጯን ይዛ ዳቦውን አየች እንጂ እኔን አላየችኝም። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

መንገድ ላይ ወደቅሁ። ወደ ሥራ ስወጣ፣ ዳገቱን ሳልጨርስ። ዓይኔ ጨለመ፣ ከዚያ የማስታውሰው የሙሉን ድምፅ ነው። ጎትታ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። አፈርኩ፤ ነጠላዬ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ነበር።

ነርሷ ልጅ እግር ናት፤ ጣቴን ወግታ ስኳሬን ለካች። ወርዷል አለች። «ማታ ምን በላሽ? ስንት ሰዓት?» ነገርኳት። «ከትናንት ወዲያስ?» ነገርኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«እህቴ፣ አንድ ቀን በሌሊት፣ አንድ ቀን ጭራሽ እየበላሽ ጧት ጤና አይገኝም። ያቅለሸልሽሻል፣ እጅሽ ይንቀጠቀጣል፣ ራስሽን ያምሻል። ትቆጫለሽም፤ በትንሽ በትልቁ መናደድ አለ።»

«መናደድም?»

«አዎ፣ መናደድም።»

የጨጓራ መድኃኒት ሰጠችኝ፤ «በሰዓቱ ብዪ፣ ጧት ሳትቀምሺ አትውጪ» አለች። ሙሉ «ጾም እኮ ነው» አለቻት ስለ እኔ። እኔ አላረምኳትም፤ መድኃኒቱን ቦርሳዬ ከተትኩ።

ቀኑን ሙሉ ያቺ «መናደድም» የምትለዋ ቃል አልለቀቀችኝም። አንድ አፍታ ቀለል አለኝ፤ እንግዲያው እኔ አይደለሁም ሆዴ ነው አልኩ። ወዲያው ደግሞ ራሴን ታዘብኩት። ሆዴ መታት ልል አልችልም። የመታት እጄ ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

ትናንት ማታ በአንድ ሰዓት በላሁ። ትንሽ ምስር በእንጀራ። ተቀምጬ ለመብላት ሞክሬ ነበር፤ ሦስት ጉርሻ ስጎርስ ፊት ለፊቴ ማስተዋል የምትቀመጥባትን ትንሽ ዱካ አየሁና ተነሣሁ። የቀረውን እንደ ልማዴ ቆሜ ጨረስኩት።

ግን ዛሬ ጧት ግድግዳው አልዞረም። ይጻፍልኝ።

አርብ፣ ኅዳር 19

ሁለት ነገር አደረግሁ። ሁለቱም ከበዱኝ።

አንደኛ፣ ትምህርት ቤት ሄጄ መሸኛውን አወጣሁ። ጸሐፊዋ «ምክንያት?» አለችኝ። «የቤተሰብ» አልኳት። ስሟን ስትጽፍ ቆሜ አየሁ። «ማስተዋል» ብላ ጻፈች፣ ማኅተም መታችበት። ወረቀቱ ምንም አይመዝንም። ቦርሳዬ ግን ከበደኝ።

ሁለተኛ፣ የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግንብ ሥር ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። ጫማቸው ሥር ተንበርክኬ ሁሉንም አፈሰስኩት። ጾም አይደለም የያዝኩት አባቴ፣ ብቻዬን እህል አልወርድ ብሎኝ ነው፤ ሰው ሲያመሰግነኝም ዝም ብያለሁ አልኳቸው። ልጄን መምታቴንም ነገርኳቸው። እንባዬ ንግግሬን ቆረጠው።

መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። ከዚያ «ልጄ፣ ጾምማ ያለውን፣ የሚያምርሽን ለአምላክ ስትተዪለት ነው። አንቺ ምን ተውሽለት? ኀዘንሽን ጾም ብለሽ ጠራሽው» አሉኝ።

«ይፍቱኝ አባቴ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ። ነርሷ ያለችሽን አድርጊ፤ የታመመ ሰው በሰዓት አይታሰርም። ቀኖናሽም ይኸው ነው፦ እስከ ገና ጧት ጧት አማትበሽ፣ ተቀምጠሽ፣ በሶሽን ትበያለሽ። ተቀምጠሽ አልኩ።»

ሰው ስግደት ይሰጠዋል፣ እኔ በሶ ተሰጠኝ። ከዐሥራ አምስት ቀን ወዲህ የሳቅሁት ዛሬ ነው፤ እንባዬ ሳይደርቅ። ግን ስወጣ ልቤ ያው ነበር። ነገ ቅዳሜ ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

በሶውን በላሁ። ተቀምጬ። አንገቴ ላይ ተጋደመብኝ፣ ግን ወረደ።

እናቴ ድንቿን ሸጣ በሰባት ሰዓት ግድም መጣች። ብቻዋን። ልጅቱን ይዛት ትመጣ ይሆናል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ከኋላዋ ሁለት ጊዜ አየሁ። ሽሮ ሠርቼ አቀረብኩ፣ እጇን አስታጠብኩ፣ ከጎኗ ቁጭ አልኩ። እናቴ ሳትቆርስ አተኩራ አየችኝ።

«ቁጭ ብለሽ ትበያለሽ እንዴ አንቺ?»

«ምነው እማ?»

«ልጅቱ ነቻ። ‹እማ፣ እቴቴ እኮ እንደ በቅሎ ቆማ ነው የምትበላው› አለችኝ።»

ሳቅን። ሳቄን ሳልጨርስ «እኔስ ምን ላድርግ እማ፣ የኔን እህል ጠላችው። ሁለት ወር ሙሉ ጧት የሰጠኋትን ሳትነካ ነው የምትወጣ» አልኳት።

እናቴ እጇን ከእንጀራው ላይ አነሣች።

«ጠላችው? ማን አለሽ?»

«ዳቦው ፊቷ እያለ ቁጭ ትላለቻ!»

«አንቺ ልጅ፣ አንቺን እንዴት ነበር ያሳደግሁሽ? ታላቅ ባርኮ፣ ቆርሶ፣ ሳይቀምስ እጅሽን ሰደሽ ታውቂያለሽ? አባትሽ ከእርሻ እስኪገባ ስንት ቀን በራብ ተንቆራጥጠሽ አልጠበቅሽም? እሷንም እንዲያው ነው ያሳደግኋት። አልጠላችውም። አንቺን ስትጠብቅ ነው።»

ያልተነካው ዳቦ በዓይኔ መጣብኝ።

«‹ነይ እንጂ› አላለችሽም?»

ብላኛለች። በየቀኑ ብላኛለች። እኔ «ብዪ» እያልኩ እየተጣደፍኩ፣ እሷ አፍራ ሳትነካ፣ ባዶ ሆዷን ትምህርት ቤት። እኔም ባዶ ሆዴን። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰዎች ርቦን፣ መካከላችን ዳቦ ተቀምጦ። ያስተማርኳት እኔ ባልሆንም የጠበቀችው የኛን ቤት ሥርዓት ነው። በሥርዓቷ መታኋት።

እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም። አባቴ ሲሞት እንኳ ዐረብ አገር ነበርኩ፣ ማዳም ትሰማለች ብዬ በፎጣ አፍኜ ነው ያለቀስኩ። እናቴ አላባበለችኝም። ሲበቃኝ ግን አጎረሰችኝ።

መሸኛውን አውጥቼ ሰጠኋት። አልተቀበለችኝም። «አንቺው ዘንድ ይቆይ። ነገ ነይና ከልጅቱ ጋር ተነጋገሪ። አልሄድም ካለች ያን ጊዜ እወስደዋለሁ። እኔ ሂጂ ብዬ አላዝዛትም።»

እሑድ፣ ኅዳር 21

ከቅዳሴ ወጥቼ በመኪና፣ ከዚያ በእግር ሁለት ሰዓት ያህል። ነፋሱ ፊት ይገርፋል። ገብሱ አብዛኛው ታጭዷል። መሸኛው ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ መንገዱን ሙሉ በእጄ ዳሰስኩት።

ማስተዋል ደጅ ነበረች። ሮጣ አልመጣችም። ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመችኝ፣ እንደ እንግዳ። ልቤን ምን እንዳደረገው ልጽፈው አልችልም።

ድንጋይ ላይ ቁጭ አልንና ነገርኳት። «የዚያን ቀን የመታሁሽ አጥፍቼ ነው። እንደምትጠብቂኝ አላወቅሁም ነበር። ይቅር በዪኝ» አልኳት። በጣቷ አፈር እየጫረች ቆየች።

«ዳቦውን ማን በላው?»

«ማንም። ደረቀ።»

«አንቺም አልበላሽው?»

«እኔም አልበላሁም።»

«እና ራበሽ?»

«ራበኝ።»

አሰበች። ከኔ ጋር ትመጫለሽ ወይ አልኳት። «እንጃ» አለች። ሌላ አልጨመረችም፤ እኔም አልደገምኩም። አሁን ከእናቴ ጎን ተኝታለች። እኔ ከወዲህ ሆኜ ትንፋሿን እሰማለሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 22

እናቴ ቤት፣ ገና ሳይሞቅ። ራሴን አላመመኝም፣ አላቅለሸለሸኝም። መኪናው በሦስት ሰዓት ነው፣ ከዚያ በፊት ቁልቁለቱን መጨረስ አለብኝ። ለሙሉ አረፍዳለሁ ብያታለሁ።

ማስተዋል ትሂድ፣ ትቅር አላወቅሁም። ደብተር ቦርሳዋን ግን ማታ ከነበረበት ግድግዳ ላይ አጣሁት፤ አሁን በሩ አጠገብ ነው። ማን እንዳወረደው አልጠየቅሁም። እፈራለሁ።

እናቴ የገብስ ዳቦ አቅርባለች። እሷ ጾመኛ ናት፣ እስከ ቀትር አፏን ውኃ አታስነካም፤ ሌላ ጊዜ ግን ራሷ ሳትቀምስም ባርካ ትቆርስላታለች። ዛሬ አልቆረሰችም። ዳቦውን አስቀምጣ ወደ በጎቹ ወጣች።

ልጄ ዳቦው ፊት ቁጭ ብላለች። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ወደ እኔ ታያለች። አልነካችውም።

ልነሣ። እየጠበቀችኝ ነው።