ሙሴ ያኒ መቼ አገባ?

ኅዳር 8 ቀን 1991

ከላፍቶ ታክሲ ጠፋ። እስከ መካኒሳ በእግር... ጫማዬ አቧራ ለብሶ ቀለሙ አይለይም። ሳሪስ ቢሮ ስደርስ ጋሽ ሱልጣን በሩ ላይ ቆመዋል። "ናዝሬት፣ ሰዓት የለሽም?" "አለኝ፣ ታክሲ ነው የሌለኝ።" ሳቁ። አለቃ ከሳቀ ቀኑ ግማሹ ተገፋ። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ለውጭ አቅራቢዎች ደብዳቤ ስመታ ዋልኩ። የመኪና መለዋወጫ፣ የመኪና መለዋወጫ...

ማታ ሚሳኤል ደወለ። እሑድ አጎቱ አቶ ገሠሠ ሽማግሌ ይዘው ይመጣሉ። ሰባት ቤት ሊቆጠር፤ ዘመድ አለመሆናችን ሊጣራ። ቀለበት ታስሮ፣ ሰርጉ ለጥር 23 ተቆርጦ፣ አዳራሽ ተይዞ... አሁን ነው የሚቆጠረው?

"ወግ ነው፣ አንቺ ደግሞ!" አለኝ። ወግ ከሆነ ከቀለበቱ በፊት አይሻልም ነበር?

ኅዳር 13

ተቆጠረ። ምነው ባልተቆጠረ።

የሚሳኤልን ወገን አቶ ገሠሠ እንደ ዳዊት አወረዱት። የአባዬም ወገን ደህና ሄደ። የእማዬን ወገን (ነፍሷን ይማርና) አክስቴ አስቴር ያዘችው። እማዬ የእታገኝ ልጅ፣ እታገኝ የፀሐይወርቅና የሙሴ ያኒ ልጅ፤ ሙሴ ያኒ ግሪኩ፣ ባለወፍጮው። እዚህ ላይ ብታቆም ምን ነበረበት? "ፀሐይወርቅ ግን ከሙሴ ያኒ በፊት ሞልቱ የሚባል ባል ነበራት" አለች። ማን ጠየቃት?

አቶ ገሠሠ ከወንበራቸው ተነሱ።

"የትኛው ሞልቱ?"

"የሰበታው።"

"የሰበታው ሞልቱ እኮ አያቴ ነው!"

ለካ እነ አቶ ገሠሠ የሞልቱ የሌላዋ ሚስቱ ዘር ናቸው።

እንግዲህ ነገሩ ይሄ ነው። አያቴ እታገኝ የተወለደችው በሰገሌ ዘመቻ ዓመት ነው፣ በ1909። ይሄን ሁሉም ያውቃል። ፀሐይወርቅ ከሙሴ ያኒ ጋር የተጋባችው ከዚያ በፊት ከሆነ እታገኝ የግሪኩ ልጅ ናት፤ ሰርግ አለ። ከዚያ በኋላ ከሆነ የሞልቱ ልጅ ናት። ሞልቱ ለእኔም ለሚሳኤልም ቅድመ አያት ሊሆን ነው! ሰርግ የለም። መቼ ተጋቡ? የሚያውቅ የለም።

"አያቴ እኮ ቀይ ነበረች፣ ፎቶዋን እዩት!" አልኩ።

"ቀይ ሰው የሌለበት ቤት የት አለ?" አሉ አቶ ገሠሠ።

እስከ ገና ማስረጃ አምጡ ተባልን። ሚሳኤልስ? ጫማውን ያያል።

ኅዳር 16

ግሪኮቹ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ነበር። ቄሱ አገራቸው ሄደዋል፤ የሚመለሱት ከጥምቀት በኋላ ነው። ጎሽ!

ለሒሳብ ሹማችን ለኤልዳድ ነገርኩት። እሱ ጴንጤ ነው፣ ሰባት ቤት የሚባለው ነገር ያስቀዋል። "እኔ ሚስቴን ሳገባ የጠየቅኳት ዘፈን ትዘፍን እንደሆነ ብቻ ነው" ይላል። ግን መላ የመታው እሱ ነው። "ፈረንጅ የአያቱን ጋብቻ ሳይቀር ኢንተርኔት ውስጥ ይከተዋል፣ ለምን እዚያ አትፈልጊም?"

ኢንተርኔት ያለው የእኔ ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ነው። ሲከፈት የቢሮውን ስልክ ይይዛል፤ ስለዚህ በምሳ ሰዓት ብቻ። ምሳዬን ትቼ ተቀመጥኩ። ጮኸ፣ አጉረመረመ፣ ገባ... ተቋረጠ። እንደገና። ተቋረጠ። በመጨረሻ ሲገባ የቤተሰብ ስም አምጪ አለኝ። ከየት ላምጣ? ያኒ ብዬ ጻፍኩለት። የዓለም ያኒ ሁሉ ተሰልፎ መጣ።

ኅዳር 18

ዛሬም ተቋረጠ። ጋሽ ሱልጣን ከቢሯቸው፦ "ስልኬን ማን በላው?"

ኅዳር 24

ስንት ቀን የያኒ ዘር ሳተራምስ ከርሜ ዛሬ አክስቴ አስቴር ጋ ሄድኩ። የሙሴ ያኒ የቤተሰብ ስም ማን ይሆን እያልኩ ስነጫነጭ፣

"ማቭሮስ ነዋ" አለች። ሽንኩርቷን እየከተፈች!

"እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ማን ጠየቀኝ?"

ያልተጠየቀችውን ስትዘረግፍ የተጠየቀችውን ለመናገር ግን... ሆሆ።

ሚሳኤልን በምሳ ሰዓት ና፣ አብረን እንፈልግ አልኩት። እሱ የሚሠራበት ጎፋ ከሳሪስ ምን ያህል ይርቃል? "ሥራ በዝቶብኛል፣ አንቺ ትበቂያለሽ" አለኝ። መብቃቱንስ እበቃለሁ። ግን የማገባው ብቻዬን ነው እንዴ?

ታኅሣሥ 2

አገኘሁት። ግሪክ አገር ያለ አንድ ሰው ከመንደሩ ወጥተው ባሕር ማዶ ያገቡትን ሁሉ ሰብስቦ አስቀምጧል። ምን ዓይነት ቡሩክ ሰው ነው? ገጹ አንድ መስመር ሲወርድ፣ ሲያርፍ፣ ሲወርድ... ጥፍሬን ጨረስኩት። መጣ። ያኒስ ማቭሮስ። ከጎኑ፣ ፀሐይ። አዲስ አበባ። 1915።

ጮህኩ። ኤልዳድ ከሒሳብ ክፍል እየሮጠ መጣ። "አገኘሻቸው?" አቅፌው ልዘል ስል ቁጥሩ ታየኝ። እታገኝ በ1909 ተወለደች። እነሱ በ1915 ተጋቡ። ስድስት ዓመት።

እታገኝ የሞልቱ ልጅ ናት።

ለኤልዳድ ነገርኩት። ምሳውን አካፈለኝ።

ታኅሣሥ 4

መደበቅ እችል ነበር። ማን ግሪክ አገር ሄዶ ያጣራል? ግን ልጆች ወልጄ ዕድሜዬን ሙሉ እየሰጋሁ ልኖር? ነገርኳቸው። ዓመቱ 1915 ነው አልኩ። ሽማግሌዎቹ አማተቡ። "እግዚአብሔር ጠበቃችሁ" አሉ አቶ ገሠሠ፤ ዕቁብ የወጣላቸው መሰሉ። አባዬ አንገቱን ደፋ። አክስቴ አስቴር አለቀሰች፤ አሁን ምን ያደርጋል?

ሚሳኤልን እስከ በር ሸኘሁት። አንድ ነገር ይላል ብዬ ጠበቅኩ። ቀለበቱን መልሽ እንኳ አላለም።

"እግዚአብሔር ያላለው ነው። በርቺ፣ እህቴ" አለኝ።

እህቴ! ትናንት የኔ ቆንጆ ሲለኝ የነበረ ምላስ። እንዴት አልተደናቀፈም?

ታኅሣሥ 9

አዳራሹን ሰርዞታል። ከሌላ ሰው ነው የሰማሁት። ብደውል የለም ይሉኛል።

ታኅሣሥ 14

ዛሬም ምሳ ሰዓት ላይ ከፈትኩት። ለምን? እኔ እንጃ። ሌላ ያኒ፣ ሌላ ፀሐይ ይኖር ይሆን? ገጹን ለሠራው ሰውዬ በኢሜይል ጻፍኩለት፤ መልስ የለም። ኤልዳድ "ተይው፣ ራስሽን ትጎጃለሽ" ይለኛል። እተዋለሁ እላለሁ፣ ስድስት ሰዓት ሲሆን እጄ ራሱ ይሄዳል። ቀለበቱም አሁንም ጣቴ ላይ ነው። ምን ዓይነት ሞኝ ነኝ?

ታኅሣሥ 23

ደደብ! ደደብ! ደደብ!

ጠዋት ከአንዱ አቅራቢ የመልካም አዲስ ዓመት ፋክስ መጣ። የፈረንጅ አዲስ ዓመት ነው። መልስ ልጽፍ ተቀመጥኩ፣ ቀኑን መታሁ፣ 1999። እጄ ቆመ። በእኛ 1991 ነው እኮ። ታዲያ ግሪኩ ሰውዬ የጻፈው 1915 የማን 1915 ነው?

የፈረንጅ ነዋ! በእኛ 1907! እታገኝ የተወለደችው ከጋብቻው ሁለት ዓመት በኋላ ነው። የግሪኩ ልጅ ናት፣ ቀይዋ አያቴ!

በየቀኑ የፈረንጅ ቀን እየመታሁ እንጀራዬን የምበላ ሰው ነኝ። ሽማግሌዎቹስ? ያ ሁሉ ሽበት ተሰብስቦ አንድ እንኳ "የማን አቆጣጠር ነው?" ያለ የለም። ኤልዳድ በጣቱ ቆጠረ፣ ደግሞ ቆጠረ፣ ከዚያ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ሳቄ ወደ ለቅሶ ሄደ፤ ጋሽ ሱልጣን ወጥተው "ምነው፣ ሰው ሞተ?" አሉ።

ታኅሣሥ 24

አባዬ ለሚሳኤል ቤት ደውሎ ነገራቸው። ሚሳኤል ወዲያው ደወለ። ለእኔ ሲሆን ከቤት አይገኝም ነበር።

"የኔ ቆንጆ! አላልኩሽም?" አለኝ። ምን ነበር ያለኝ?

"እስከ ዛሬ ምን ስታደርግ ነበር?" አልኩት።

"ምን ላድርግ፣ ተፈርዶብን አልነበር?"

አክስቴ አስቴር እልልታዋን አቀለጠችው። አባዬ በግ ስለመግዛት ያወራል። እኔ ብቻ... ለምን ደስ አይለኝም? ይሄን አይደል ስፈልግ የከረምኩት?

ጥር 2

ሰበብ እየፈለግኩለት ከረምኩ። ደንግጦ ነው። አጎቱን ፈርቶ ነው። ሥርዓት አክባሪ ሆኖ ነው። አንዱም አልረጋ አለልኝ።

ዛሬ መጡ። አቶ ገሠሠ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ "እንኳንም ዘመድ አልሆናችሁ!" ብለው ቤቱን አሳቁት። ሰርጉ በቀኑ ይሁን ተባለ። አባዬ ወደ እኔ ዞረ፣ "በይ ልጄ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?" አለኝ፣ ለወጉ ያህል።

"አላገባም" አልኩ።

የሆነውን ሁሉ መጻፍ አልችልም። አባዬ ጮኸ። አቶ ገሠሠ "ድሮም ጠርጥሬ ነበር" አሉ፤ ምኑን እንደጠረጠሩ እሳቸው ያውቃሉ። ሚሳኤል ተከትሎኝ ወደ ግቢው ወጣ።

"ዝምድና እኮ የለንም! ራስሽ ነሽ ያረጋገጥሽው!"

"አዎ።"

"ታዲያ ምን ሆንሽ?"

"ዘመዱ ነሽ ተብዬ እንኳ መፈለግ አልተውኩም፣ ሚሳኤል። በየቀኑ እከፍተው ነበር። አንተ እዚያው በሩ ላይ እህቴ ብለኸኝ ሄድክ።"

ትንሽ አሰበ። የሚገባው መስሎኝ ነበር።

"አዳራሹን እኮ መልሼ ይዣለሁ" አለኝ።

ቀለበቱን አውልቄ ሰጠሁት። እወደዋለሁ እኮ፣ ይሄን ስጽፍ እንኳ እንባዬ ወረቀቱን እያበላሸው ነው። እጁን ወደ ኋላ ይስባል፣ አልቀበልም ይላል፣ ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ።

ተቀበለኝ። ኪሱ ከተተው።