«ሟች ይቅደም» የተሰኘውን ፊልም ስላገዱልን ለአቶ ዳልጮ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ አቶ ዳልጮ፣
የመካነ መቃብር ጥበቃ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ እንዲሁም የፊልም ገምጋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ፤
ወላይታ ሶዶ

ክቡር ሆይ፣ በአንድ ጊዜ ሁለት ወንበር ላይ መቀመጥ ወገብ ሊያሳምም ስለሚችል፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለወገብዎ ጤና እመኛለሁ። ቤተሰብዎም፣ ማኅተምዎም ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ የበያጁ የቶማ ባለቤት የነበርኩ፣ አሁን ገበያው አጠገብ ልብስ እየሰፋሁ ልጄን ኤልሻዳይን የማሳድግ አሳየሽ ነኝ። በግልጽ ደብዳቤ የምጽፍልዎ፣ በፊልም ማሳያው አዳራሽ በር ላይ የለጠፉትን ማስታወቂያ ያነበበ ሰው ሁሉ መልሱንም እንዲያነብ ብዬ ነው።

ማስታወቂያው፣ የከተማችን ልጆች ስለ መቃብር ሌቦች የሠሩት «ሟች ይቅደም» የተባለው አስፈሪና አስቂኝ ፊልም «ተመልካቾች በሰጡት አስተያየት መሠረት፣ ሟቾችን የሚያዋርድና ስርቆት የሚያስተምር ሆኖ ስለተገኘ ታግዷል» ይላል። እኔም ከተመልካቾቹ አንዷ ነበርኩና፣ የራሴን አስተያየት ከበር ላይ አንብቤ እንድረዳው ስላደረጉኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ሟቾች ክብር። ባለቤቴ ሲሞት የሥራ ጓደኞቹ ለመቃብሩ የብረት አጥር በይደው ሠሩለት። አናቱ ላይ ትንንሽ የብረት ወፎች ነበሩበት፤ ኤልሻዳይ አባቷ ዘንድ በሄደች ቁጥር እነሱን ነበር የምትዳብሰው። ባለፈው ክረምት አጥሩ ከነወፎቹ ተነቅሎ ተወሰደ። ልጄም «አባባ ሜዳ ላይ የተጣለ ነው የሚመስለኝ» ብላ ሁለተኛ አልሄድም አለች። ቢሮዎ መጥቼ ማስረዳት ስጀምር፣ እርስዎ ቀና ሳይሉ «እህቴ፣ ሟቹ እንደሆነ አልተጎዳም፤ ታገሺ» ብለው አጽናኑኝ። ያኔ ሟች አጥሩ ቢሰረቅ እንደማይጎዳ አስተምረውኝ ነበር፤ አሁን ደግሞ ሰው ፊልም አይቶ ሲስቅ እንደሚጎዳ እያስተማሩኝ ነው። ትምህርቱ ቢከብደኝ በእኔ ድንቁርና ያመካኙት።

ሁለተኛ፣ ስለ አስተያየቱ። ፊልሙን የሠራው እዮኤል ሰርግ እየቀረጸ የሚተዳደር ወጣት ነው። ታሪኩም እንዲህ ነው፤ ሁለት ሰነፍ ሌቦች የአንድ ሽማግሌን የመቃብር አጥር ሲነቅሉ፣ ሽማግሌው ከነከፈናቸው ይነሱና «አጥሬን ከወሰዳችሁ እኔንም ውሰዱኝ፤ ያለ አጥር እንቅልፍ አይወስደኝም» እያሉ በወላይትኛ ይቆጧቸዋል። ከዚያም በሌቦቹ ባጃጅ ላይ በመካከላቸው ተቀምጠው ብረት ገዢው ዘንድ ድረስ ይከተሏቸዋል። ልጄ መጀመሪያ ፊቷን በነጠላዬ ሸፈነች። ሽማግሌው «ሚዛንህን አስተካክል፤ የራሴ አጥር እኮ ነው!» ብለው ብረት ገዢው ላይ ሲጮኹ ግን ከነጠላው ሥር ሳቅ ሰማሁ። ከክረምት ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ያልተሰማ ሳቅ ነበር። እኔም የሚያቃጥለውን የዳታ በርበሬ አብዝቶ እንደበላ ሰው እንባዬን እየጠረግሁ ሳቅሁ።

ሁሉም ወደደው አልልዎትም። ከበዴሳ በሚኒባስ የመጡት ቅቤ ነጋዴዋ ወይዘሮ ጣፈጠች «ሰው ከሞት ተነስቶ ልጆቹን ሳይጠይቅ ባጃጅ ላይ ይወጣል? ምን ዓይነት አባት ነው!» እያሉ እስከ መውጫው በር ድረስ ተቆጥተዋል። ባጃጅ ነጂው ቦልቴ ደግሞ፣ የሞተ ሰው መነሳቱን ያለ ምንም ክርክር ተቀብሎ፣ ባጃጁ ያን ሁሉ ብረት ጭኖ ዳገቱን መውጣቱን ግን በጭራሽ አላምንም ብሏል። ክቡር ሆይ፣ እኛ የሰጠነው አስተያየት ይህ ነው። «ይታገድ» ያለውን ሰው ፈልጌ አጣሁት፤ የሚያውቁት ከሆነ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ።

ሦስተኛ፣ ፊልሙ ስርቆት ያስተምራል ስለተባለው። ፊልሙን ካየን በኋላ በነበረው እሑድ የመካነ መቃብሩ ዘበኛ ልከውብኝ ብሄድ፣ የቶማ አጥር ግንቡን ተደግፎ ቆሟል። የአንደኛዋ ወፍ ክንፍ ተሰብሯል እንጂ ሌሎቹ ደህና ናቸው። ዘበኛው እንደነገሩኝ፣ ፊቱን በፎጣ የጠቀለለ ሰው በጋሪ አምጥቶ አራገፈውና «እዚህ የተቀበሩት ሰውዬ ቁጡ ነበሩ እንዴ?» ብሎ ጠየቀ፤ መልሱን ሳይጠብቅም ጋሪውን እየገፋ ሮጠ። ቶማ በሕይወቱ ማንንም ተቆጥቶ አያውቅም ነበር፤ ዘበኛው ግን ይህን ለሰውዬው ስላልነገሩልኝ አመስግኛቸዋለሁ። የቶማ ጓደኞች አጥሩን መልሰው ሲተክሉ ኤልሻዳይ አብራን መጣች። ክንፈ ሰባራዋን ወፍ ቆማ ስትዳብስ ቆየችና «አሁን ቤቱ ገባ» አለችኝ።

የእርስዎ ማስታወቂያ የተለጠፈው በማግስቱ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያሉትን ቅሬታዎቼን መቁጠር ትቻለሁ፤ አንድ ወሬ ግን ልንገርዎ። አጥር የተሰረቀባቸው የቤሌና የዲምቱ ከተማ ቤተሰቦች፣ ፊልሙ ወደ እነሱም እንዲሄድላቸው እዮኤልን እየለመኑት ነው። እሱም እገዳዎን ፈርቶ ካሜራውን ሊሸጥ ሲያስብ፣ የእድራችን ሽማግሌዎች ጠርተው አነጋገሩት። «ድንኳናችን የተተከለው ሐዘንተኛን ለማጽናናት ነው፤ ይህ ፊልም ሐዘንተኛ አጽናንቷል» ብለው በመጪው ቅዳሜ በእድሩ ድንኳን ውስጥ እንዲታይ ወሰኑ። ወይዘሮ ጣፈጠችም እንደገና ሊቆጡበት ከወዲሁ ቦታ ይዘዋል። ስለዚህ የእርስዎ እገዳ ከአዳራሹ በር ላይ ሳይነካ፣ በክብር እንደተለጠፈ ይቆያል ማለት ነው።

ከፍ ካለ አክብሮት እና ዝቅ ካለ ተስፋ ጋር፣
የቶማ ባለቤት፣ የኤልሻዳይ እናት፣ አስተያየቷን ያልተጠየቀች ተመልካች፣
አሳየሽ

ሳልጠቅሰው እንዳላልፍ፦ ፊልሙ በታየበት ዕለት፣ የሽማግሌው እጅ ከአፈር ሲወጣ፣ እርስዎ «አስቸኳይ ስልክ ተደወለልኝ» እያሉ የሰው እግር ረግጠው ወጥተዋል። ስልክዎ ግን ወንበሩ ላይ ቀርቶ ስላገኘነው ለአዳራሹ ጥበቃ አስረክበናል። እስካሁን መጥተው አልወሰዱትም ቢሉኝ ገረመኝ። በቀን ይምጡ፣ አይፍሩ፤ ጥበቃው በሕይወት ያለ ሰው ነው።