ባለ አንድ ዓይኑ ገራፊ

አባዬ፣

ደብዳቤ በጤና ጥያቄ ነበር የሚጀመረው፤ አንተ ግን ጤና ከሚጠየቅበት አገር ወጥተሃልና ዘልዬዋለሁ። ከተለያየን ሁለት ክረምት አልፎ ሦስተኛው ሰሞኑን ወጣ። ልቅሶ እንደማይሆንልህ አውቃለሁ። ስለዚህ የማለቅሰውን አልቅሼ ከጨረስኩ በኋላ ነው ለመጻፍ የተቀመጥኩት።

እማዬ ደህና ናት። ጉልበቷን ያማታል፤ ስትጠየቅ ግን አያመኝም ትላለች። ሐይቅ ከተማ እኔ ዘንድ እንድትኖር ብለምናት ብለምናት፣ አምባሰልን ትቼ የዓሣ ሽታ ውስጥ አልገባም ብላ አሻፈረኝ አለች። የቀለም ጣሳዎችህን አጥባ ተክል ተክላባቸዋለች፤ በቀዩ ጤና አዳም፣ በሰማያዊው በሶብላ በቅሏል። መጀመሪያ ሳየው ከፋኝ። ኋላ ሳስበው ግን ደርቀው ከሚቀሩ ውሃ ቢጠጡ ይሻላል ብዬ ተውኩት።

እኔ አሁንም የሱቅ ማስታወቂያና ባጃጅ ላይ ነኝ። ለአንዱ ሹፌር «ማሻአላህ» እጽፋለሁ፣ ለሌላው «እመብርሃን»፤ ሁለቱም ትንሽ ወርቅማ አድርጊው ይሉኛል። ዓሣ ቤቶቹም ደንበኞቼ እንደሆኑ ናቸው። የመጀመሪያውን ዓሣ የሳልኩ ጊዜ ትዝ ይልሃል? ግድግዳው ፊት ቆመህ፣ እጅህን ወደ ኋላ አጣምረህ፣ «ይሄ ዓሣ ምን ቢበድል ነው በአንድ ዓይን ያስቀረሽው?» አልከኝ። ባለ ዓሣ ቤቱ ግራ ሲገባው አስቀምጠህ አስረዳኸው። በእኛ ቤተክርስቲያን ሥዕል ደግ ሰው በሙሉ ፊቱ፣ በሁለት ዓይኑ ይሳላል፤ ክፉ ሰው ከጎኑ፣ በአንድ ዓይኑ። ማንበብ የማይችል ሰው ዓይን ቆጥሮ ማን ማን እንደሆነ ይለያል። ሰውዬው ይህን ሲሰማ እንግዲያው የኔ ዓሣ ሁሉ ሲኦል ነው የሚገባው ብሎ እስኪደክመው ሳቀ፤ አንተም ሳቅክ፤ እኔ ግን አኩርፌ ዋልኩ።

ይህን ሥርዓት ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ባየሃቸው የብራና መጻሕፍት እንደተማርከው ትነግረኝ ነበር። ገዳሙ ሴት አያስገባም። ስለዚህ ከበሩ ወዲያ ያለውን የማውቀው በአንተ አፍና በአንተ ጣት ነው። ከዚያ ስትመለስ ደጃፍ ላይ በጭራሮ መሬቱን እየጫርክ ታሳየኛለህ፤ ዓይኖቹ ፊቱን ሊሞሉት የደረሱ፣ የልብሱ እጥፋት ሁሉ በመስመር የተቀነበበ፣ ከእግር በታች መሬት የሌለ። ጥላ ለምን የላቸውም ብዬ ጠይቄህ ነበር። ጥላ የሚኖረው ብርሃኑ ከአንድ ወገን ሲመጣ ነው፣ እዚያ ግን ብርሃኑ ከሁሉም ወገን ነው አልከኝ። ነፋስ ሲመጣ ሥዕሉ ይጠፋል፤ አንተም አይቆጭህም።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። ባለፈው ክረምት የቤተክርስቲያናችን ቆርቆሮ ምስማሩ ላልቶ ውሃ አስገባ። ውሃው መንገዱን መርጦ በወንዶች በኩል ባለው ግድግዳ ወረደና ያንተን የግርፋት ሥዕል አገኘው። ጌታ ምሰሶው ላይ እንደታሰረ ነው፤ በግራ ያለው ገራፊም ፊቱን ወደ ውጭ እንዳዞረ ደህና ነው። በቀኝ ያለው ግን ከግንባሩ እስከ አገጩ ከተለጠፈበት ሸራ ጋር ተልጦ ወደቀ። ጅራፍ የያዘው እጅ ብቻውን ቀረ። ያው እሱ መሆኑ!

ያ ገራፊ ያመጣብንን ጣጣ አልረሳኸውም መቼም። ሥዕሉን በሠራህበት ዓመት ከጎረቤታችን ከአያ ደምሌ ጋር በእርሻ ወሰን ተጣልታችሁ ነበር። በንግሡ ዕለት መጋረጃው ሲገለጥ አንዱ ለአንዱ አፍንጫው የአያ ደምሌን አይመስልም እንዴ አለ፤ ጸበል ጻዲቁ ተበልቶ ሳያበቃ አገር ሁሉ መሰለው። እሳቸውም ቤተሰባቸውን ይዘው ወንዝ ማዶ ወዳለው ደብር ሄዱ። ሽማግሌ ቢላክብህ ሥዕሉን ጠይቁት አልክ እንጂ አዎም አይደለምም አላልክ። አንተ የሞትክ ጊዜ አያ ደምሌ እንደ ቅሬያችን፣ እንደ ቀብር እድራችን ደንብ መጥተው ከእስላም ክርስቲያኑ ጋር መቃብርህን ቆፈሩ፤ አፈሩን ከላያቸው አራግፈው ንፍሮ ሳይቀምሱ ሄዱ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባላል። ለእማዬ የቅርቡ እሳቸው ናቸው። ወድቃ ድረሱልኝ ብትል መጀመሪያ የሚሰማው እሳቸው ቤት ነው፤ እማዬ ደግሞ ብቻዋን ናት። ሥራው ሲመጣ ያሳሰበኝ ሌላ ምንም አልነበረም።

የደብሩ ሽማግሌዎች እኔን ያስጠሩት ያንተን መስመር የሚያውቅ ሌላ ሰው ስላጡ ነው። ሴት መሆኔ ለጊዜው አከራከራቸው። በየወሩ ቤተክርስቲያን በማልገባባቸው ቀናት ሥራው ይቁም ተባለና ተስማሙ። ቄሰ ገበዙ ያዘዙኝ እንደነበረ እንድመልሰው ብቻ ነው። እማዬ ደግሞ ለብቻዬ ወስዳ ሁለት ዓይን ስጪውና ይብቃን አለችኝ። ተመልከት እንግዲህ! ሁለት ዓይን ኖሮት ጌታን የሚገርፍ ሰው እንዴት ይሳላል? ከዚያ ግድግዳ የሚማረው ሕፃን ምን ሊማር ነው? አንድ ዓይን ካደረግኩት ደግሞ ያ ሁሉ ቂም በእኔ እጅ ታደሰ ማለት ነው፤ ያኔ አባትየው፣ አሁን ልጅየዋ።

ምክር የጠየቅኩት ጓደኛህን አናጺውን አያ ሰይድን ነው። መወጣጫውን የሠሩልኝ እሳቸው ናቸው፤ በዚያው ሰሞን የመስጊዱን በር እያደሱ ነበር። በበሩ ላይ የሚቀርጹት ሐረግ ለእኛ መስኮቶች ከቀረጹት ሐረግ ጋር አንድ ነው፤ ቅጠሉ እንኳ አልተለወጠም። ነገሩን ከሰሙ በኋላ መሮአቸውን አስቀምጠው፣ «አይ እቴ፣ እኛ ፊት የማንስለው ወደን መሰለሽ? ሐረግ ከማንም ጋር ተጣልቶ አያውቅም፣ ወላሂ!» አሉኝ። ብዙም አልረዱኝም፤ ግን ቀለል አለኝ። ስወጣም አብሽሪ፣ አላህ እጅሽን ይምራው ብለው መረቁኝ።

በመጨረሻ አንድ ዓይን፣ ግን የማንም ያልሆነ አፍንጫ ብዬ ወሰንኩ። አቡጀዲውን አጥቤ ለጠፍኩ፣ ጄሶውን ቀባሁ፣ ሲደርቅ በከሰል መንደፍ ጀመርኩ። አባዬ፣ የማንም ያልሆነ አፍንጫ የሚባል ነገር የለም። አንዱን ስሠራ የዓሣ ቤቱ ሰውዬ ይሆናል፣ ሌላውን ስሠራ የአጎቴ። ጠረግኩ፣ ሠራሁ፣ ጠረግኩ። የሰው ፊት ከፊት ለፊት ምንም አይቸግረኝም፤ ከጎን ሲሆን ግን እጄ የሚሄድበትን አያውቅም ነበር። በስተመጨረሻ መጨነቁን ተውኩትና እጄን ለቀቅኩት። ከግንባር እስከ አገጭ በአንድ መስመር ወረደ። ዓይኑን አስገባሁ፣ ቅንድቡን አወፈርኩ፣ ደስ አለኝ። ማንንም አይመስልም ብዬ ቀለም መበጥበጥ ጀመርኩ።

ያን ዕለት የጣራው ሥራ ስለነበር የማዶው ደብርም ሰው ለእርዳታ ተጠርቶ ነበር። አያ ደምሌ ቆርቆሮ ተሸክመው መጡ። ከስንት ዘመን በኋላ የዚያን ቤተክርስቲያን የውስጥ ደጃፍ ረገጡ። ቆርቆሮውን አውርደው፣ ጫማቸውን አውልቀው ገቡና ከመወጣጫዬ ሥር ቆሙ። እኔ ላይ ነኝ፤ ብሩሹ በእጄ ደርቋል። ቀና ብለው አዩት፤ ከዚያ ሳቁ። ያ ሰው ሲስቅ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

«አንቺ ልጅ፣» አሉኝ፣ «አባትሽ ምን ቢያደርግሽ ነው?»

ወርጄ ከእሳቸው ጎን ቆሜ አየሁት። አንተ ነህ። ከአፍንጫህ መሃል ላይ ያለው ጉብታ፣ ቀለም ስትበጠብጥ ወደ ውስጥ የምትስባት የታች ከንፈርህ፣ ሁሉም አለ። ጌታን የምትገርፈው አንተ ነህ።

እዚያው ቁጭ አልኩ። ልጅ ሆኜም፣ ካደግኩም በኋላ፣ ስንሠራ ሁልጊዜ ከጎንህ ነበርኩ። ሁለታችንም የምናየው ግድግዳውን ነው፤ አንተን ስፈልግ ዘወር ብዬ የማየው ጎንህን ነው። ለካ ከጎን ከልቤ የማውቀው ፊት አንድ ብቻ ኖሯል። አያ ደምሌም ከልጅነታቸው ጀምሮ ማኅሌት ላይ ከአንተ ጎን በመቋሚያ ተደግፈው ይቆሙ እንደነበር፣ እስክትጣሉ ድረስ ቦታው ተለውጦ እንደማያውቅ ነገሩኝ። ይህን ሲሉ ድምፃቸው ወርዶ ነበር። ያኔ የዚያ አፍንጫ ነገር ገባኝ። አንተም ከጎን የምታውቀው እሳቸውን ነው። ወይም ደግሞ በእርግጥም ተናድደህ ይሆናል፤ አፌን ሞልቼ አላጠፋህም አልልህም። እጅ ቂምንም ያውቃል፣ ፍቅርንም ያውቃል፣ ለየትኛው እንደሠራ ግን አይናገርም። ሥዕሉን ጠይቁት ያልከው ለአንተም ሳይገባህ ቀርቶ ይሆን ብዬ አሰብኩ።

አጠፋዋለሁ አልኳቸው። መጥረጊያውን ሳነሳ እጄን ያዙኝ። «ተይው ልጄ። እኒህ ሁለት ዓይን ያላቸው ሁሉ የሚያዩት እኛን ነው። ጌታን የሚያየው እሱ ብቻ ነው።»

ቀና ብዬ አየሁ። እውነታቸውን ነው። መላእክቱ፣ ሐዋርያቱ፣ ምሰሶው ላይ ያለው ራሱ፣ ሁሉም ዓይናቸውን ወደ ሕዝቡ ነው የጣሉት። ወደ እሱ የዞረ ፊት የዚህ ገራፊ ብቻ ነው። ስንት ዓመት ያንን ግድግዳ ሳይ ኖሬ ይህን አላየሁም ነበር፤ አንተ አይተኸው ከሆነ ሳትነግረኝ ሄደሃል።

ከዚያ አያ ደምሌ ጫማቸውን አድርገው በቀጥታ ወደ እኛ ቤት ወረዱ። እማዬን ነይ ባልሽን እዪ ብለው ከደጃፍ ተጣሩ። እማዬ መጀመሪያ የደነገጠችው በንግግሩ ሳይሆን በተናጋሪው ነው። በትሯን ይዛ መጣች፤ ብዙ ቆማ አየችህና ከንፈሩ ልክ ነው፣ ፀጉሩን ግን አብዝተሽለታል አለች። አላለቀሰችም። ሲመለሱ ግን ቁልቁለቱን የወረደችው የአያ ደምሌን ክንድ ይዛ ነው፤ እሳቸውም ቤት ገብተው የቀረበላቸውን በሉ። ወሰኑ አሁንም የት ጋ እንደሆነ አልተስማማንም። ይቆይ።

በንግሡ ዕለት ከሴቶች በኩል ሆኜ ወሬውን ሰማሁ። ግማሹ አያ ደምሌ ናቸው ይላል፣ ግማሹ አይ ሠዓሊው ራሱ ነው ይላል። ቄሰ ገበዙ ጠርተው እንደነበረ መልሰሽዋል ወይ አሉኝ። አዎ አልኳቸው። አልዋሸሁም መሰለኝ። አያ ደምሌ ወደ ጥንት ቦታቸው ተመልሰዋል፤ ከጎናቸው አንድ ሰው የሚቆምበት ያህል ክፍት ትተው ነው የሚቆሙት፣ ማንም አይገባበትም።

እንግዲህ አባዬ፣ በገራፊዎች መሃል አስቀምጬሃለሁ፣ አልሰርዝህምም። ቀለምህ ሲደበዝዝ እኔ አድስሃለሁ፤ እኔም ሳልፍ መስመሩን የሚያውቅ ሰው አስተምሬ ነው የምሄደው። ለእማዬ ቤት የሚሆን ሙሉ ፊትህን፣ ሁለት ዓይንህን፣ እንደ ደግ ሰው አድርጌ ልስል ስንቴ ሞክሬ አልመጣልኝ አለ። ፊት ለፊት ተያይተን የተቀመጥንበት ቀን ጥቂት ነው። ከጎንህ ግን ዕድሜዬን ቆሜያለሁ፤ ያንን ዓይኔን ጨፍኜም አልስተውም።

ልጅህ
አበራሽ